ሦስተኛው እንቢታ

ብሪታ አንዱን ቦት ጫማ አውልቃ ሌላውን ልትጎትት ስታጎነብስ ስልኳ ጠራ። አኒካ ነበረች።

«ስሚ፣ ለማንም እንዳትተነፍሺ። ኮቪድ ይዞኛል። ውጤቱ አሁን መጣ።»

«መቼ ጀመረሽ?»

«ትናንት ጉሮሮዬን ከረከረኝ። ብርድ መስሎኝ ነበር ባክሽ።» አኒካ ሳለች። «እናትሽ ከሰማች ለእናቴ ትደውላለች። እናቴ ደግሞ ቅዳሜ ብቻዬን በረዶ ላይ ስንሸራተት የዋልኩ ነው የሚመስላት። ትገድለኛለች።»

ቅዳሜ የዋሉት ግን ሁለቱም፣ በረዶ በሆነው ሐይቅ ላይ በቆመችው የአኒካ አጎት የዓሣ ማጥመጃ ጎጆ ውስጥ ነበር። አኒካ ትኩስ ካካዎ በፔርሙሱ ክዳን ቀድታ ፉት አለችና ለብሪታ ዘረጋችላት። ብሪታ ማስኳን ሳታወርድ «ይቅርብኝ» አለች፤ ሁለት ጊዜ። በሰሜን ሚኒሶታ፣ በእነሱ ከተማ፣ ሁለት ጊዜ «ይቅርብኝ» ማለት ወግ ነው፤ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ሦስተኛውን እንቢ ማለት ግን ሰውን መጸየፍ ነው። አኒካ «በሞቴ፣ መርዝ አልጨመርኩበትም» ስትላት ማስኳን አውርዳ ከክዳኑ ጠጣች።

የብሪታ እናት የካንሰር መድኃኒት ከወሰደች ዛሬ ዘጠነኛ ቀኗ ነው። ነጭ የደም ሴሎቿ በዚህ ሳምንት በጣም እንደሚያንሱ ነርሷ ነግራቸዋለች። ትኩሳቷ ሠላሳ ስምንት ከደረሰ «እስኪ ትንሽ እንየው» ብሎ ነገር የለም፤ ወዲያው ሆስፒታል። ፎጣዋ ለብቻ፣ ብርጭቆዋ ለብቻ። አባቷ ከሥራ ሲመለስ ጋራዡ ውስጥ ልብሱን ሳይቀይር አይገባም። የብሪታም እጅ ከመታጠብ ብዛት ተሰነጣጥቋል።

ዛሬ ጠዋት የእናቷን ትራስ ያለበሰችው እሷ ነበረች። ያን መመለስ አይቻልም።

«ብሪታ፣ በሩን ዝጊው እንጂ፣ ብርዱ ገባ» አለች እናቷ ከሳሎን። «ደግሞ ነይ፣ አጠገቤ ተቀመጪ።»

ብሪታ በስልኩ ቀስ ብላ «ልነግራት ነው» አለች።

«እንግዲያው ሁለተኛ እንዳትደውይልኝ።» ስልኩ ተዘጋ።

ብሪታ ያወለቀችውን ቦት መልሳ አጠለቀች። በሩን ከውጭ ዘግታ በሳሎኑ መስኮት ፊት ለፊት ቆመችና ለእናቷ ደወለች። ሁሉንም ነገረቻት፤ ክዳኑንም፣ ትራሱንም።

እናቷ አልተቆጣችም። ብትቆጣት ይሻላት ነበር። ማቀዝቀዣው ላይ በክር የተንጠለጠለውን የትኩሳት መለኪያ አምጥታ ምላሷ ሥር አደረገች። ሁለቱም ከመስታወቱ ወዲህና ወዲያ ቆመው ጠበቁ።

«ሠላሳ ሰባት። ደህና ነኝ።»

«ነገስ፣ እማ?»

«ለነርሷ እደውላለሁ። ግቢና ክፍልሽ ውስጥ ሁኚ።»

«መታጠቢያ ቤታችን አንድ ነው። ጓሮ የቆመችው የአባባ ተጎታች የዓሣ ማጥመጃ ጎጆ አልጋም ማሞቂያም አላት። እዚያ እሆናለሁ።»

«በዚህ ብርድ? ግቢ፣ ልጄ።»

«ይቅርብኝ።»

«ማስክሽን አድርገሽ ግቢ።»

«ይቅርብኝ።»

እናቷ መዳፏን መስታወቱ ላይ አሳረፈች። «ብሪቲ፣ በሞቴ።»

«አይሆንም፣ እማ» አለች ብሪታ፤ በረዶውን እየረገጠችም ወደ ጓሮ ሄደች። ከኋላዋ መስኮቱ ሲንኳኳ ሰማች። አልዞረችም።