የጠፋው ገጽ አሥራ አራት

የብረት ቁም ሣጥኑ ሲከፈት ሰነዱ በቦታው ነበር። ቀይ ክሩም እንደታሰረ ነው። ገጾቹ ግን ሃያ ሁለት መሆን ሲገባቸው ሃያ አንድ ሆነው ተገኙ።

እንደገና ተቆጠሩ። ሃያ አንድ።

አሥራ ሦስት አለ። አሥራ አምስት አለ። አሥራ አራት የለም።

ዕለቱ ሐሙስ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ነው። የዴልሂ ግንቦት ደጅ የወጣውን ሁሉ እንደ ቆሎ ይቆላል። ድርድሩ በተካሄደበት ቤት ውስጥ ያሉትን ደግሞ ድንጋጤው በላብ አጠመቃቸው።

ሰነዱ ሰባት ፓርቲዎች ተጣምረው በሚመሠርቱት መንግሥት አገሪቱን እንዴት እንደሚያለሙ የተስማሙበት የጋራ መርሐ ግብር ነው። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባላል፤ እነዚህ ሰባት መሪዎች ግን አንዷን ሎሚ ለመሸከም ዘጠኝ ቀን ፈጀባቸው። በመጨረሻ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ሰባቱም ፈረሙ። ሁለቱ በጠዋት አውሮፕላን ወደየክልላቸው ሄዱ። ሰነዱና የድጋፍ ደብዳቤዎቹ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፕሬዚዳንቱ እጅ ካልገቡ፣ መንግሥት የመመሥረቱ ዕድል ለተቃራኒው ወገን ይሰጣል።

ኢንስፔክተር ሻራዳ ኔጊ ከአንድ ኮንስታብል ጋር ደረሰች። በሩ ላይ የጠበቋት ወይዘሮ ፉልመኒ ኤካ ነበሩ፤ ትልቁም ትንሹም «ዲዲ»፣ እህታችን፣ እያለ የሚጠራቸው፣ ከጫካማው ኮረብታ አገር የመጡ የፓርቲ መሪ። በፓርላማ ያላቸው ሁለት ወንበር ብቻ ነው። ሁለቱ ከተነሡ ግን ጥምሩ ይፈርሳል።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! አሁን መጣሽ ልጄ?»

«ውሻም ቢሆን ያሸታል፣ ዲዲ። ገጹ ላይ ምን ነበር?»

«አንድ ዓረፍተ ነገር። በግድብ ምክንያት መሬቱን የሚለቅ ሰው ምትክ መሬት ሳይረከብ ውሃ አይለቀቅበትም የሚል።» ፉልመኒ ነጠላ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ወደ ውስጥ መሯት። «የተወለድኩበት መንደር ውሃ ሥር ነው ያለው። የአባቴም መቃብር እዚያው ነው። ለመቶ አርባ አባወራ ወረቀት ሰጡን። ወረቀት ይታረሳል?»

«አይታረስም።»

«ቀጣዩ ግድብ ደግሞ ስልሳ መንደር ይውጣል። ገጹ ካልተመለሰ ደብዳቤዬን አልሰጥም።»

«እንደገና ታትሞ ቢፈረምስ?»

«ማን ይፈርማል? ሁለቱ በረዋል። የቀሩትም የፈረሙት ስለደከማቸው ነው። ካረፉ በኋላ ሁለተኛ የሚፈርሙ ይመስልሻል?»

አንድ ከረባት ያደረገ የፓርቲ ሰው ጣልቃ ገባ። «ዲዲ፣ ለጊዜው በሃያ አንዱ እንሂድ። እሱን በኋላ እንጨምረዋለን።»

«‹በኋላ› ሲሉን ነው የሰጠምነው» አሉ ፉልመኒ። ሰውየው ከረባቱን አላላ።

ሻራዳ ሰዓቷን አየች። ሁለት ሰዓት እንኳ አልቀራትም። ያንን ገጽ ሳትይዝ ከዚህ ቤት ላትወጣ ለራሷ ቃል ገባች።

ቁልፍ ያዡ የአርቃቂ ኮሚቴው ጸሐፊ አቶ ሴሻድሪ ናቸው። ስልሳ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ጡረታ የወጡ የመስኖ መሐንዲስ፣ ግንባራቸው ላይ የእምነታቸው ምልክት የሆነ ሦስት መስመር አመድ፣ ብብታቸው ሥር መልካምና ክፉ ሰዓት የሚለይ ትልቅ የዘመን መቁጠሪያ መጽሐፍ። ወደ ሻራዳ ሲመጡ ወለል ላይ የወደቀ ወረቀት ረገጡ። ወዲያው ጎንበስ ብለው ወረቀቱን በጣታቸው ነኩ፤ ጣታቸውን ግንባራቸው ላይ አሳረፉ፤ ወረቀቱን ይቅርታ መጠየቃቸው ነው። ከዚያ ቀና አሉ።

«ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» አለች ሻራዳ።

«ሰባት ሰዓት ላይ ሁሉም ለምሳ ወጡ። እኔ ብቻዬን እዚህ የምግብ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ቀረሁ። ገጾቹን ቆጠርኩ፣ ሃያ ሁለት። ለበረከት እርድ ቀባኋቸው። ክሩን አሰርኩ። ቆለፍኩ።»

«እርዱን ሁሉም ገጽ ላይ?»

«የመጀመሪያው ገጽ ይበቃ ነበር። ግን የአገር ሥራ ነው የሚጀመረው፤ የእያንዳንዱን ማዕዘን ቀባሁ።»

«ስንት ሰዓት ጨረሱ?»

«ከሰባት ተኩል በፊት። ለጥቂት ነው የደረስኩት። ሐሙስ ከሰባት ተኩል እስከ ዘጠኝ የራሁ፣ የክፉው ኮከብ፣ ሰዓት ነው። በራሁ ሰዓት መልካም ነገር የሚጀምር ሰው አለ?»

ኮንስታብሉ ራሱን ነቀነቀ። እሱ በራሁ ሰዓት ሞተር ብስክሌት ገዝቶ በሳምንቱ እግሩን ተሰብሯል።

«ከዚያ በኋላ ቁልፉን ማን ወሰደ?»

ሴሻድሪ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ። «የሰው ስም ማንሳት አልወድም። ፕሮፌሰሩ ስምንት ተኩል ላይ ወስደውታል። አሥር ደቂቃ ብቻቸውን ነበሩ።»

ቤቱን ሊፈትሽ የወጣው ኮንስታብል ከመታጠቢያ ቤቱ ቅርጫት ጭብጥ ሙሉ የተቀዳደደ ወረቀት ይዞ መጣ።

ሁሉም ወደ ፕሮፌሰር ሱኮማል ባቶብያል ዞሩ፤ የግራው ፓርቲ ተወካይ፣ ሸሚዛቸው በቀለም የተበከለ፣ ድምፃቸው ከድምፅ ማጉያ የሚበልጥ ሽማግሌ ናቸው። ትናንት በረንዳው ላይ «ይህን ገጽ አሥራ አራት እቀደዋለሁ!» ሲሉ ጎረቤት ሳይቀር ሰምቷል።

«የቀደዱት ምንድን ነው?» አለች ሻራዳ።

«የግል ወረቀት።»

«ትናንት ገጽ አሥራ አራትን እቀደዋለሁ ብለዋል።»

«ብያለሁ! መሬት ይሰጣል ይላል እንጂ መቼ አይልም፣ የት አይልም! እሱ ተስፋ ነው ወይስ ከረሜላ?»

«ታዲያ ቀደዱት?»

«ልጄ፣ እኔ አርባ ዓመት ስጮህ ኖሬያለሁ። አንድም ነገር ቀድጄ አላውቅም።»

«በራሁ ሰዓት ገብተው!» አሉ ሴሻድሪ በቀስታ።

«ኮሙኒስት ራሁ የለበትም! ማክሰኞ በራሁ ሰበብ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ እጃችንን አጣጥፈን ያስቀመጡን እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

ሻራዳ አልሳቀችም። ቁርጥራጮቹን ጠረጴዛው ላይ በትና መገጣጠም ጀመረች። ማራገቢያው እንዳይበትናቸው ኮንስታብሉ አጠፋው። ሙቀቱ ወዲያው ጉሮሮ ያዘ። ማንም ግን አብራው አላለም።

ሩብ ሰዓት ፈጀባት። ጽሑፉ የእጅ ጽሑፍ ነበር። «ከኮሚቴው በገዛ ፈቃዴ መልቀቄን ለፓርቲዬ አስታውቃለሁ…» ይላል።

ሻራዳ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ለምን ቀደዱት?»

የፕሮፌሰሩ ጆሮ ቀላ። «ሰነዱን ፊቴ አስቀምጬ ጻፍኩ። ከዚያ ደካማም ቢሆን ከምንም ይሻላል አልኩ። ለጓዶቼ እንዳትነግሪብኝ።»

«ክሩን ፈትተውታል?»

«አልፈታሁም። ደግሜ ባነበው እሳት እለቅበት ነበር።»

አሥር ሰዓት አለፈ። ከውጭ የመኪና ሞተር ተነሣ። ባለ ከረባቱ «በሃያ አንዱ እንሂድ» እያለ ከሰው ሰው ይዞር ጀመር፤ አሁን ራሳቸውን የሚነቀንቁለት በዝተዋል። ፉልመኒ ደብዳቤያቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

«አሥር ደቂቃ» አለቻቸው ሻራዳ። «አሥር ደቂቃ ብቻ ይታገሱኝ፣ ዲዲ።»

ክሩን ፈታች። ፕሮፌሰሩ እውነታቸውን ከሆነ ገጹ የወጣው ከመታሰሩ በፊት ነው። ከታሰረ በኋላ ከወጣ ግን ፕሮፌሰሩ ዋሽተዋል። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ታነሣ ጀመር። ፊታቸውን አየች። ጀርባቸውን አየች። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። ሦስተኛ ጊዜ ስትገልጥ እጇ ቆመ።

«ማራገቢያውን አብራው» አለች ኮንስታብሉን። «ሁሉም ይምጡ።»

ጠረጴዛውን ከበቡ።

«አቶ ሴሻድሪ፣ እርዱን ሲቀቡ የጀመሩት ከመጨረሻው ገጽ ነው አይደል? ሃያ ሁለትን ቀቡ፣ ሃያ አንድን በላዩ አደረጉ፣ ቀቡ፣ ሃያን አደረጉ።»

«አዎ።»

«ሌላ ጊዜ ቢሆን እስኪደርቅ ይጠብቁ ነበር። ዛሬ ግን የራሁ ሰዓት ደርሷል፣ ቸኮሉ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ስለዚህ እርጥቡ እርድ ከላዩ ባረፈው ገጽ ጀርባ ላይ ታተመ። ይኸው፣ የሃያ ሁለት ምልክት በሃያ አንድ ጀርባ። የሃያ አንድ ምልክት በሃያ ጀርባ።»

ገጽ አሥራ አምስትን አነሣች። «እዚህ ላይ ጣትዎ አዳልጧል። ምልክቱ ጭራ አውጥቷል፣ ያያሉ? ይህ ጭራ መታተም የነበረበት በገጽ አሥራ አራት ጀርባ ላይ ነው።»

ገጽ አሥራ ሦስትን ገለበጠች። ጀርባው ላይ ያው ቢጫ ምልክት፣ ከነጭራው፣ አለ።

«በመካከላቸው ምንም ወረቀት አልነበረም። እርድ የተቀባው ሃያ አንድ ገጽ ነው። ክሩ ሳይታሰር፣ ፕሮፌሰሩም ቁልፉን ሳይነኩ ገጽ አሥራ አራት ወጥቷል።»

የሴሻድሪ ፊት እንደ ግንባራቸው አመድ ነጣ።

«አልቀደዱትም ደግሞ» አለች ሻራዳ። «የተጻፈበት ወረቀት ሲረግጥ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው አይቀድም፣ አያቃጥልም። ከመጣሁ ጀምሮ ከብብትዎ ያልወጣውን መጽሐፍ ይስጡኝ።»

ሽማግሌው የዘመን መቁጠሪያውን ራሳቸው ከፈቱት። ገጽ አሥራ አራት አንድ ጊዜ ብቻ ታጥፎ፣ ሰባቱም ፊርማ ሳይደበዝዝ፣ ውስጡ ነበር።

ፕሮፌሰሩ ጮኹ። «እኔን ሌባ አድርገው! ለምን?»

«እርስዎን አልጠላም። ለማሳበብ የቀረቡልኝ እርስዎ ነበሩ።» ሴሻድሪ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። «የተወለድኩበት አውራጃ ዝናብ አያውቅም። እናቴ ውሃ ልትቀዳ ጎሕ ሲቀድ ወጥታ ፀሐይ ከተሲያት ስታልፍ ነበር የምትመለሰው። ለአውራጃዬ ውሃ የሚያመጣውን ያንን ቀጣዩን ግድብ ሠላሳ ዓመት በዚህ እጄ ነደፍኩ። ገጽ ስድስት በአምስት ዓመት ያልቃል ይላል። ገጽ አሥራ አራት መሬት ሳይሰጥ ውሃ አይለቀቅም ይላል። መሬት ከየት ይመጣል? ሁለቱ አብረው አይኖሩም። በጥድፊያው ሃያ አንዱን ይዘው ይሄዳሉ ብዬ አሰብኩ።»

«የቀረውን ግን እርድ ቀቡት» አለች ሻራዳ።

«እወደዋለኋ! ትምህርት ቤቱን፣ ለድሃው የሚሰጠውን የመቶ ቀን ሥራ… እንዴት ሳልባርክ ልስደደው?»

ፉልመኒ ተነሡ። ሴሻድሪን ይሰድባሉ ብሎ ሁሉም ጠበቀ።

«እናትዎ ውሃ ፍለጋ ሄዱ። የእኔ እናት ደግሞ ውሃ መጥቶባት ሄደች፤ ሁለቱም እግራቸው ቆስሏል። ውሃው ለአገርዎ አይሂድ አላልኩም፣ አንድ ቀን ብዬ አላውቅም። መሬታችንን ተኩልን ነው ያልኩት። ይህን ለመስማት ዘጠኝ ቀን አልበቃዎትም?»

ሴሻድሪ አለቀሱ።

ሻራዳ ኮንስታብሉን ጠራች። ገጹን ከፊቱም ከጀርባውም ፎቶ አስነሣችው፤ ከዚያ ለፉልመኒ አስረከበች። ሰዓቱ አሥር ተኩል ነበር። ቤተ መንግሥቱ በመኪና የሩብ ሰዓት መንገድ ነው።

ባለ ከረባቱ ክሩን ይዞ መጣ። «ቶሎ እንሰረው!»

«ቆይ» አሉ ፉልመኒ። የእርዱን ትንሽ ሣህን ከመስኮቱ ጠርዝ አነሡና ሴሻድሪ ፊት አስቀመጡት። «ይህ አልተባረከም። ያወጣው የእርስዎ እጅ ነው፤ እርስዎ ይቀቡት።»

ሴሻድሪ ወደ ኢንስፔክተሯ ቀና ብለው አዩ። ሻራዳ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። ሽማግሌው ጣታቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው እርዱን ለወሱ፤ የገጹን አራት ማዕዘን አንድ በአንድ ነኩ። ባለ ከረባቱ ወረቀቱን ሊያነሣ እጁን ዘረጋ።

«ተው» አሉ ፉልመኒ። «ይድረቅ።»

«ዲዲ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው የቀረን!»

«ይድረቅ አልኩ።»

ማራገቢያው ይዞራል። ፕሮፌሰሩ፣ ኢንስፔክተሯና ሌባው ጎን ለጎን ቆመው ገጽ አሥራ አራት እስኪደርቅ ጠበቁ።