የአቡሽ አንገት

አቡሽ ወደ ድርድሩ አዳራሽ ከመግባቱ በፊት ተዋበች የነጠላዋን ጫፍ በምራቋ አርሳ ደረቱ ላይ የደረቀ የሽሮ ጠብታ ጠረገችለት። ጠብታው የእሷ ነበር። አቡሽ አይበላም፤ የተሠራው ከቀላል ብረት ነው፤ የመንግሥት ስሙም «ተዋዋይ ሰባት» ነው። ተዋዋይ ማለት አገሩን ወክሎ የሚደራደርና የሚፈርም ማሽን ነው። የቀድሞዎቹ በቤተ ሙከራ ስላደጉ ሒሳብ እንጂ ሰው አያውቁም ነበር፤ የሚያምናቸውም አልተገኘም። ስለዚህ አሁን ማንኛውም ተዋዋይ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሰው ቤት ገብቶ ያድጋል። ይህኛው ያደገው ኮምቦልቻ፣ ተዋበች ቤት ነው።

«ሰው ላይ አታፍጥጥ። ሲጠሩህ አቤት በል» አለችው።

«እሺ እማዬ» አለና ገባ። እሷ ከመስታወቱ በር ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ቀረች። አሳዳጊ ወደ ውስጥ አይገባም።

ያሉበት የአየር መርከብ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ በላይ፣ ከደመናው ከፍ ብሎ ቆሟል። ኢትዮጵያና ፓራጓይ ሁለቱም የባሕር በር የላቸውም። ስለዚህ የማንኛቸውም ያልሆነ ባሕር ላይ፣ በሰማይ ይገናኛሉ። ፓራጓዮች የደከመ መሬት በአንድ ክረምት የሚያድስ «አፈር አዳሽ» የሚሉት ዱቄት አላቸው። ኢትዮጵያ ደግሞ ሰሊጥ አላት። ፀሐይ ስትጠልቅ የነፋሱ መንገድ ስለሚዞር መርከቡ ይለቃል፤ ሁሉም ወደየአገሩ ይመለሳል።

ተዋበችን ያስጨነቃት ግን አፈሩ አልነበረም። የመጀመሪያ ድርድሩን ያበላሸ ተዋዋይ አእምሮው ተጠርጎ ለሌላ ቤት ይሰጣል። ያን ጊዜ አቡሽ በረንዳው ላይ ተቀምጦ የመኪና ጡሩምባ ማስመሰሉን ይረሳል። እማዬ ማለቱንም ይረሳል።

ድርድሩ ገና ከመጀመሩ ተበላሸ። የፓራጓይ ልዑካን መሪ ሴኞራ (ወይዘሮ) ራሞና ለአንድ መርከብ ሰሊጥ አንድ መርከብ አፈር አዳሽ እንሰጣለን አሉ። ዋጋው መልካም ነበር፤ የኢትዮጵያው አምባሳደር ልዑልሰገድ ብዕራቸውን ከፈቱ። አቡሽ አንገቱን አዙሮ በሩን አየና «ኧረ አትቸገሩ፣ እኛም ጋ አለ» አለ።

አልነበረም።

ራሞና ኢትዮጵያውያኑ ኃይለኛ ተደራዳሪዎች ናቸው ብለው ሁለት መርከብ አሉ። አቡሽ እንደገና ወደ በሩ ዞረና ኧረ ለእናንተም እንዳያንስባችሁ ብሎ መለሰ። ሦስት ሲሉት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ አሁን ገና ከቤት በልተን መጥተናል አለ። የፓራጓይ ልዑካን ተያዩ። አንደኛው ግንባሩን በመሀረብ መጥረግ ጀመረ፤ ሦስት መርከብ ከሰጡ ለራሳቸው ገበሬ የሚተርፍ የለም።

አምባሳደሩ ዕረፍት ጠየቁ። የማሽኑ መሐንዲስ ኤዶም መርምራው የአንገቱ ሞተር ላልቷል አለች፤ የሚሳሳተው ሲዞር ነውና እንዳይዞር አጠበቀችው። ከዕረፍት መልስ አቡሽ አንገቱ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ሁሉንም እምቢ አለ፤ የተቀመጠበትን ወንበር እንኳ ለሌላ ሰው ይሁን ብሎ ተነሣ።

ኤዶም ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ተዋበችን ጠየቀቻት። ቤት እያለ አንገቱን ያመው ነበር ወይ? ሰው አንድ ነገር ሲሰጠው ነው የሚዞረው?

ተዋበች ወዲያው ገባት። ዝም ብትል አቡሽ ይጠረጋል። ብትናገር ደግሞ ያበላሸሁት እኔ ነኝ ማለት ነው። ቢሆንም ተናገረች። እንግድነት ስትሄድ አቡሽን ይዛው ትሄድ ነበር። ሰዎች ለልጆቿ እንደሚያደርጉት ለእሱም ብስኩት፣ ኳስ፣ አንዳንዴም ባትሪ ያቀርቡለታል። እሱም እንደ ልጆቿ መጀመሪያ ዓይኗን ያያል። ካፈጠጠችበት ጠግቤያለሁ ይላል፤ በእሺታ ከነቀነቀችለት ይቀበላል፤ ካላያት ግን ምንም አይነካም።

«አንገቱ ደህና ነው» አለች። «የሚፈልገው እኔን ነው።»

አምባሳደሩ ይህን ሲሰሙ አልተቆጡም። እሳቸውም ከጠዋት ጀምሮ ጉሮሯቸው ደርቋል። ፓራጓዮቹ በበረዶ ውሃ የሚዘፈዘፍ ተሬሬ የሚሉት የቅጠል መጠጥ አላቸው፤ አንዱን ዋንጫ ሁሉም በየተራ ይጠጡበታል። ለእሳቸው ሲቀርብላቸው አይ አሁን ጠጣሁ አሉ፤ ሳያምኑኝ ደግመው ይለምኑኛል ብለው ነበር። ፓራጓዮቹ ግን አመኗቸውና ዋንጫው አለፈ። ሁለተኛም እንዲሁ አለፈ።

ደንቡ ቀርቶ ተዋበችን አስገብተው ከአቡሽ ፊት ለፊት አስቀመጧት፤ አንገቱንም ፈቱለት። ራሞና ሦስቱን መርከብ ደገሙ። አቡሽ እናቱን አየ። ተዋበች በጭንቀት ዓይኗ ሊወጣ ደርሶ ነበር፤ ያ ዓይን ከቁጣዋ ዓይን በምንም አይለይም። አቡሽ ደነገጠና ከጠረጴዛው ላይ እጁን ሰበሰበ።

«ፈገግ ይበሉ እንጂ» አሏት አምባሳደሩ በሹክሹክታ።

ሞከረች። የባሰ ሆነ። አቡሽ ይቅርታ እየጠየቀ ሰሊጡን በነፃ ልስጣችሁ ማለት ጀመረ። በመስኮቱ በኩል ፀሐይዋ ደመናውን ነክታለች።

ራሞና ነገሩ ባይገባቸውም የተጨነቀች ሴት ማየት አልሆነላቸውም። ዋንጫውን ሞልተው ለተዋበች ዘረጉላት። ተዋበችም እንደ ወጉ አይ እግዜር ይስጥልኝ፣ አልጠማኝም አለች። ራሞና ዋንጫውን መልሰው ሊወስዱ ሲሉ አምባሳደሩ ከወንበራቸው ተነሡ።

«ሴኞራ፣ እባክዎ አይመኗት። ደግመው ይለምኗት። ካልሆነ በሞቴ ይበሏት።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከእሷ በኋላ እኔንም።»

ጆሯቸው ላይ ያለው የትርጉም መሣሪያ «በሞቴ»ን ሲያደርስ ራሞና አማተቡ፤ ቢሆንም ቃሉን ደገሙት። ተዋበች እንዲህ ከተባለ ምን ይደረጋል ብላ ዋንጫውን ተቀበለች። መጠጡ ቀዝቃዛና መራራ ነበር። አንድ ሁለቴ ስትጎነጭ ትከሻዋ ወረደ፤ ፊቷም ጎረቤት ቤት እንደተቀመጠች ሴት ፊት ሆነ። አቡሽ እናቱ ሰው ቤት ተለምና ስትቀበል አየ። ከዚያ እሱን አየችውና ጭንቅላቷን በእሺታ ነቀነቀችለት።

«እንግዲህ ካላችሁ እሺ» አለ አቡሽ። «ግን የመጀመሪያዋ አንዷ መርከብ ትበቃናለች። ሌላው ለልጆቻችሁ ይሁን።»

አምባሳደሩ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ሁለት መርከብ አፈር በሰማይ ሲበን ታያቸው። ከጠረጴዛው ማዶ ግን መሀረብ የያዘው ሰውዬ ፊቱን ሸፍኖ ሳቀ። ራሞና በየዓመቱ አንድ መርከብ፣ ለአሥር ዓመት ብለው ጻፉ። ከእጅህ ቆጥቦ ከሚቀበልህ ጋር ረጅም ውል አያስፈራም አሉ። አቡሽ አንድ ጊዜ እናቱን አየና ፈረመ።

መርከቡ ሊለቅ ሲል ኤዶም መፍቻዋን ይዛ መጣች። አንገቱ ለሚቀጥለው ድርድር እንዳይዞር ይቆለፍ ወይስ ይተው ብላ ጠየቀች።

«እኛ ያመንነው ማሽን ስለሆነ አይደለም፤ ዞሮ የሚያያት እናት ስላለችው ነው» አሉ ራሞና። «ምንም ሳይዞር የሚወስድ ማሽን ከሆነ ሌላ ጊዜ አንመጣም።»

ከዚያም ዋንጫውን ሞልተው በሞቴ እያሉ ለአምባሳደሩ ዘረጉላቸው። አምባሳደሩ ጉሮሯቸው እንደ ደረቀ እጃቸውን አነሡ፤ ግን ዋንጫውን ከመንካታቸው በፊት ሳያስቡት ዞረው ተዋበችን አዩ።

ተዋበች በእሺታ ነቀነቀችላቸው።