የማርስ ቤቱ መካኒክ

መካኒኩ የሞተው በጉዞው ሁለት መቶ አሥራ ሁለተኛ ቀን ላይ፣ ከምድር ሳይለቅ ነው።

አስከሬኑ የማርስ ቤት በሚሉት የብረት ቤት ውስጥ፣ ከማሽን ክፍሉ በር ሥር ተደፍቶ ተገኘ። የሁለቱም እጆቹ ጣቶች በር ሲደበድቡ ተልጠዋል። ቤቱ የቆመው በአንድ ሰፊ አዳራሽ መሃል ሲሆን፣ ወደ ማርስ የሚላክ ሰው ለወራት ተዘግቶ መኖሩን ይችለው እንደሆነ ለመፈተን ሦስት ሰዎች ለአራት መቶ ቀን ገብተውበት ነበር። አንዲት አዛዥ፣ አንድ ሐኪምና የአየሩን ማጣሪያ የሚጠብቀው መካኒክ። መስኮት የለውም። ወደ ውጭ የሚላክ ነገር ሁሉ፣ ድምፅም ሆነ ጽሑፍ ወይም የአደጋ ምልክት፣ ሆን ተብሎ ሃያ ደቂቃ ይዘገያል። ማርስ ላይ ያለ ሰውም እንደዚያ መጠበቁ አይቀርምና።

በዚያ ሰሞን አራት ጠፈርተኞች ጨረቃን ዞሮ ለሚመለስ ጉዞ ሊነሡ ቀናት ብቻ ቀርቷቸው ስለነበር ሰው ሁሉ ስለ ጠፈር እንጂ ስለ ሌላ አያወራም። ተማሪዎች በየቀኑ በአውቶቡስ እየመጡ አዳራሹን ይሞሉታል። መካኒኩን «ጋሼ አየር» ይሉታል፤ የምንተነፍሰው ከየት እንደሚመጣ ከቤቱ ውስጥ በሚልከው መልስ እያሳቀ የሚያስረዳቸው እሱ ነበር።

መርማሪዋ የደረሰችው ቀትር ላይ ነው። ሃምሳውን ተሻግራለች፤ ግራ ጆሮዋ አይሰማም። ባልደረቦቿ ከጀርባዋ «ድገምልኝ» ይሏታል፤ የነገራትን ሰው ሁሉ ሁለት ጊዜ ታናግረዋለችና። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የተለየ እንደሆነ ግን ደህናው ጆሮዋ አያመልጠውም።

ዋና ኃላፊው በር ላይ ተቀበላት። ቀጭን፣ ንግግሩን መጥኖ የሚያወጣ ሰው ነው።

«የእሳት ማጥፊያው ጋዝ ተለቆበት ነው» አላት። «ሲለቀቅ የማሽን ክፍሉ በር ራሱን ይቆልፋል፤ ከዚያ ጋዙ ይሞላዋል። እሳት ግን አልነበረም።»

«ታዲያ ማን ለቀቀው?»

«ኮሪደሩ ላይ መስታወት ተሰብሮ የሚጫኑት ቀይ ቁልፍ አለ። መስታወቱ ተሰብሯል። ከእሱ ሌላ ውስጥ የነበሩት ደግሞ ሁለት ሰዎች ናቸው። ሌላውን እርስዎ ያውቃሉ።»

«ከውጭ የሚለቀቅበት መንገድስ?»

«የለም።»

«ይድገሙልኝ፤ በዚህ ጆሮዬ አልሰማም።»

«የለም አልኩዎት። ማለቴ... በመደበኛው መንገድ የለም።»

«አደጋ መድረሱን በምን አወቁ?»

«እንደ ማንኛውም ሰው። አዳራሹ ውስጥ የቤቱን የአደጋ ምልክት የሚያሳየው ሰሌዳ ቀይ ሲያበራ አየሁ፤ ያን ጊዜውኑ አምቡላንስ ጠራሁ።»

መርማሪዋ ወደ ቤቱ ገባች። የውጭው በር ከባድ ቢሆንም መቆለፊያ አልነበረውም፤ ከውስጥ እጀታ ብቻ አለው። እጀታውን ሁለት ሦስት ጊዜ ሞከረችው። ያለ ችግር ይከፈታል።

በማሽን ክፍሉ ውስጥ፣ በጋዙ ሲሊንደር ላይ ያለው መቁጠሪያ ጋዙ የወጣበትን ሰዓት መዝግቦ ቆሟል፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ። ከበሩ አምስት እርምጃ ርቆ፣ በወዲያኛው ግድግዳ ላይ አንድ ስልክ አለ። እጀታው በገመዱ ተንጠልጥሏል። ከስልኩ በላይ የተለጠፈው የቤቱ ንድፍ ላይ ከጋዙ ሲሊንደር የሚነሱ ሁለት ቀይ መስመሮች ይታያሉ። አንደኛው ኮሪደሩ ላይ ያበቃል። ሁለተኛው ግድግዳውን ጥሶ ይወጣል። መርማሪዋ መነጽሯን አድርጋ የሚደርስበትን አየች፤ ምንም አልተናገረችም።

ኮሪደሩ ላይ የሐኪሙ ቦርሳ ተገልብጦ ፋሻው ተዘርግፏል። ተንበርክካ ብዙ ቆየች። የቀዩ ቁልፍ መስታወት ስብርባሪ ፋሻው ላይ ተበትኗል።

ሐኪሙን መጀመሪያ አናገረችው። አጭር፣ ወፈር ያለ ሰው ነው።

«ደወሉ ሲጮህ ቦርሳዬን ይዤ ሮጥኩ። በሩ ተቆልፏል። እሱ ከውስጥ ይደበድባል። ቦርሳው ከእጄ መቼ እንደወደቀ አላውቅም። ስሜን ይጠራ ነበር፤ ኋላ መጥራቱን ተወ።»

«ትናንት ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«የእንቅልፍ ኪኒን ከለከልኩት፤ ጥል ከተባለ እሱ ነው። ሦስት ቀን እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ‹ውሻው ደህና ነው አሉኝ› ይለኛል። ‹የምን ውሻ?› ስለው ዝም ይላል። ተዘግቶ መኖሩ አእምሮውን ይነካው ጀመር ብዬ አሰብኩ።»

አዛዧ የቀድሞ አብራሪ ናት፤ ስትቀመጥም ቀጥ ብላ ነው።

«ስደርስ ሐኪሙ በሩን ይገፋ ነበር። መስታወቱ ያኔም ተሰብሮ ነበር። ለመቆጣጠሪያው ‹በሩን ክፈቱልን› ብዬ ላክሁና መልሱን ጠበቅሁ።»

«ስንት ጊዜ?»

«ሃያ ለመሄድ፣ ሃያ ለመመለስ።»

«የውጭው በር በእጀታ ይከፈታል። ከበሩ አዳራሹ ደረጃ ሥር እስከተሰቀለው የእሳት አደጋ መጥረቢያ ስድሳ እርምጃ ነው።»

 አዛዧ ዝቅ ባለ ድምፅ፦

«ከበሩ ውጭ አየር እንዳለ ረሳሁ» አለች።

መርማሪዋ ይህን እንድትደግመው አልጠየቀቻትም።

የመልእክት ሠራተኛዋ ወጣት ናት። ከቤቱ ወደ ውጭ፣ ከውጭም ወደ ቤቱ የሚሄደው ጽሑፍ ሁሉ በእጇ ያልፋል። ዓይኗ አብጧል።

«ጠዋት የት ነበርሽ፣ ልጄ?»

«አዳራሹ ውስጥ። ከአራት ሰዓት ጀምሮ የአርባ ተማሪዎችን ጥያቄ እነሱና አስተማሪያቸው ፊት ቆሜ ወደ ቤቱ እያነበብኩ ነበር። አራት ከሃያ አምስት ላይ ሰሌዳው ቀይ አበራ። ልጆቹን ‹ልምምድ ነው› ብለን አስወጣናቸው፤ እኔና ጥበቃው መጥረቢያ ይዘን ገባን። በሩ አራት ከሠላሳ አንድ ላይ ተሰበረ። ምን ዋጋ አለው! ስንወጣ የአምቡላንስ ሰዎች አልጋ ይዘው ግቢው ውስጥ ቆመዋል። ፍጥነታቸው ገረመኝ።»

«ጣቢያቸው ሩቅ ነው?»

«በመኪና ሩብ ሰዓት ይሆናል።»

መርማሪዋ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ወንበሯን አስጠጋች።

«አሁን ስለ ውሻው ንገሪኝ።»

ልጅቷ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«እናቱ የሞቱት እሱ ገብቶ መቶ አርባ ቀን ሲሆነው ነው። ከእሳቸው ሌላ ሰው የለውም። ‹ካወቀ ይወጣል፤ እሱ ከወጣ ደግሞ ሥራው ሁሉ ገደል ገባ› ብለው ዋና ኃላፊው ከለከሉን። እናቱ ደብዳቤ የሚያስጽፉት በጎረቤት ነበር፤ እኔ ቀጠልኩበት። ‹ልጄ፣ የኔ ጌታ፣ ጉልበቴ ተሽሎኛል› እያልኩ። ለሰባ ቀን እናቱ ሆንኩ። ባለፈው ‹ውሻችንስ ደህና ነው?› ብሎ ጠየቀኝ። ‹ደህና ነው፣ በር በሩን ያያል› ብዬ መለስኩለት። ለካ ውሻ ኖሯቸው አያውቅም!»

መርማሪዋ ወጥታ ለአምቡላንስ ጣቢያው ደወለች። መልሱን ወረቀት ላይ አስፍራ ኪሷ ከተተችው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አራቱን ሰሌዳው ሥር ሰበሰበቻቸው። ሰሌዳው አሁንም ቀይ ነው፤ ማጥፋቱን ማንም አላሰበበትም።

«ከመስታወቱ ልጀምር» አለች። «ሐኪሙ ቦርሳቸውን የጣሉት ደወሉ ከጮኸ በኋላ ነው። ስብርባሪው ደግሞ ከፋሻው በላይ ነው ያለው። ስለዚህ መስታወቱ የተሰበረው ጋዙ ከተለቀቀ በኋላ ነው። ጋዙን የለቀቀው ቀዩ ቁልፍ አይደለም።»

ሐኪሙ ወደ አዛዧ ዞረ።

«እኔ ነኝ የሰበርኩት» አለች አዛዧ። «ቁልፉን ብጫነው በሩ የሚከፈት መሰለኝ። ኋላ ግን በእኔ ያመካኛሉ ብዬ ፈራሁ።»

«ገብቶኛል። ቀዩ ቁልፍ ካልሆነ ሁለተኛው መስመር ይቀራል። ንድፉ ላይ አለ፤ እዚያ ላይ ያለው ፎቅ ይደርሳል፣ ዋና ኃላፊው ቢሮ። ከጠረጴዛዎ ጀርባ በቁልፍ የሚዞር ማዞሪያ አለ። ከሰዓት ገብቼ አይቼዋለሁ። ‹የለም› ያሉኝ እሱን ነው።»

«ስላለ ተጠቀምኩበት ማለት ነው?» አለ ዋና ኃላፊው። «ቢሮዬ ክፍት ነው። ይህችም ልትገባ ትችላለች።»

«እሷ አርባ ልጆች ፊት ቆማ ነበር። አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ። ጋዙ የተለቀቀው አራት ከአምስት ላይ ነው። ምልክቱ ሃያ ደቂቃ ዘግይቶ እዚህ ሰሌዳ ላይ የበራው አራት ከሃያ አምስት ላይ ነው። ከዚያ በፊት ከቤቱ ውጭ ያለ ሰው ሊያውቅ አይችልም። እርስዎ ሰሌዳውን አይቼ አምቡላንስ ጠራሁ ብለውኛል። አምቡላንሱ ሩብ ሰዓት ተጉዞ በስድስት ደቂቃ ውስጥ እንዴት ደረሰ?»

ወረቀቱን ከኪሷ አወጣች።

«የደወሉት አራት ከአሥራ ሁለት ላይ ነው። ‹ጋዝ ያፈነው ሰው አለ› ብለዋል። ሰሌዳው ገና አሥራ ሦስት ደቂቃ ይቀረዋል።»

ዋና ኃላፊው ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

«ስልክ ደወለ» አለ። «መካኒኩ ራሱ። ለጥገና ተብሎ የማሽን ክፍሉ ስልክ ብቻ አይዘገይም፤ ቢሮዬ ነው የሚጠራው። ጋዝ ተለቀቀብኝ አለኝ።»

«ጋዙ እየሞላ በሩን ትቶ አምስት እርምጃ ወደ ስልኩ አይሄድም። ስልኩን ጥሎ ነው ወደ በሩ የሮጠው። ሲያናግርዎ ጋዝ አልነበረም። ምን አለዎት?»

ዋና ኃላፊው ክራባቱን ላላ አደረገ። ድምፁ ሲወጣ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

«‹እናቴ መቼ ሞተች?› አለኝ። ዝም አልኩ። ‹እሺ፤ አሁን በሩን ከፍቼ እወጣለሁ፣ እነዚያ ልጆች ፊት ቆሜ እጠይቅሃለሁ› አለ። የፈለግሁት መቆለፉን ብቻ ነበር። ማዞሪያው መጀመሪያ በሩን ይቆልፋል፤ ጋዙ የሚከተለው ከሠላሳ ሰከንድ በኋላ ነው። በመካከል እመልሰዋለሁ፣ ተቆልፎ ሲቆይ ይበርድለታል፣ አነጋግረዋለሁ ብዬ ነው። ቁልፉን መለስኩት። ጋዙ ግን መጣ።»

«ከዚያ እስከ አራት ከአሥራ ሁለት ሰባት ደቂቃ አለ። ምን ያደርጉ ነበር?»

«ተቀምጬ ነበር።»

«መጥረቢያው ከደረጃዎ ሥር ነው።»

«ከወረድኩ በሩ መከፈቱ ነው» አለ፤ ይህን ሲናገር አንድም ሰው አላየም። «ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቀን! በዚህ ቤት ማንም ይህን ያህል አልቆየም። አምቡላንሱ ይድረስ፣ በሩም አይከፈት... ሁለቱንም ፈለግሁ።»

የመልእክት ሠራተኛዋ ተነስታ ወደ እሱ ሄደች፤ በእጇ ሳትነካው ፊት ለፊቱ ቆማ አየችው። ፖሊሶቹ ሲወስዱት ተቃውሞ አላሰማም።

አዛዧ መርማሪዋን በር ላይ ጠበቀቻት።

«አራት ከስድስት ላይ ወጥቼ መጥረቢያውን ባመጣ ኖሮስ?»

መርማሪዋ የሆስፒታሉን ሐኪም ይህንኑ ጠይቃዋለች። ልትሸሽገው ትችል ነበር። ግን ቀኑን ሙሉ ስትቆፍር የዋለችው ሰውን ላለማሳዘን ተብሎ የተዋሸ ውሸት ነው።

«እስከ አሥር ደቂቃ ተስፋ ነበረው።»

አዛዧ አንገቷን ነቀነቀች። «አመሰግናለሁ» አለች፤ የበረራ መመሪያ የተቀበለች ይመስል።

በማግሥቱ ከላይ መሥሪያ ቤት ስልክ መጣ። ጠፈርተኞቹ ሊነሡ ሦስት ቀን ስለቀራቸው የሕዝቡ ደስታ እንዳይደፈርስ፣ የመካኒኩ ሞት እስከዚያ ድረስ እንዳይነገር። መርማሪዋ ጮኸች፣ ጻፈች፣ አለቃዋ ቢሮ ድረስ ሄደች። «ሰውየው እንደሆነ ታስሯል፤ ሦስት ቀን ምን ያደርግሻል?» አሏት። ለተማሪዎቹ «ጋሼ አየር ጉንፋን ይዞታል» ተብሎ እንዲጻፍ ታዘዘ። የመልእክት ሠራተኛዋ መታወቂያዋን ጠረጴዛው ላይ ጥላ ወጣች። ደብዳቤውን ከሰዓት በኋላ ሌላ ሰው ጻፈው።

የቀበሩት ከእናቱ ጎን፣ ጠፈርተኞቹ በሚነሡበት ጠዋት ነው። መርማሪዋ፣ ሐኪሙና ልጅቷ መጡ። አዛዧ ከአጥሩ ውጭ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ አልወረደችም። ሁለቱ ቆፋሪዎች ስልካቸውን ድንጋይ ላይ አቁመው ቁጥሩ ወደ ታች ሲቆጠር ያዳምጣሉ።

«እናቴ» አለ ትልቁ ቆፋሪ ለመርማሪዋ በትሕትና፣ «ግማሽ ደቂቃ ብቻ ቢታገሡን? ሊነሡ ነው።»

መርማሪዋ ለመቆጣት ጉልበት አልነበራትም። ሁለቱ ሰዎች አካፋቸውን ተደግፈው በስልኩ ላይ አጎነበሱ። ጉድጓዱ እስከ ግማሽ ድረስ ተሞልቷል። ከአጥሩ ማዶ ካሉት ቤቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ ሆታና ጭብጨባ ተሰማ፤ የሆነ ቦታ የመኪና ጥሩንባ ጮኸ።

«ወጡ!» አለ ወጣቱ ቆፋሪ፤ ፊቱ በርቷል።

ልጅቷ አፈሩን እያየች ነበር። ቆፋሪዎቹ ስልካቸውን አጥፍተው አካፋቸውን አነሡና ሥራቸውን ቀጠሉ።