ተጨማሪ ማስረጃ ይቅረብ

የይግባኝ መርማሪው ክፉ ሰው አልነበረም። ማልዶ ይገባል፣ ባለጉዳይ አያመናጭቅም፣ ጉቦ በዞረበት አይዞርም። አንድ ልማድ ግን ነበረው፤ የጦር ጉዳተኛ መዝገብ ትንሽ ካጠራጠረው «ተጨማሪ የሕክምና ማስረጃ ይቅረብ» ብሎ ይመልሰዋል።

የአንድ አሥር አለቃን መዝገብ ሦስት ጊዜ መለሰ። ሰውየው ጭኑ ውስጥ የቀረ ፍንጣሪ ሃያ ዓመት ያሰቃየው ነው። መጀመሪያ የሐኪሙ ደብዳቤ ማኅተም አይነበብም ተባለ። ቀጥሎ፣ ግዳጅ ላይ ስለመቁሰሉ አልተጻፈም ተባለ። በሦስተኛው ማስረጃው ስድስት ወር አልፎታል ተባለ፤ ስድስቱን ወር የከረመው ግን እዚያው መርማሪው ጠረጴዛ ላይ ነበር።

«የጦር ሆስፒታሉ መዝገብ እኮ እኛው ምድር ቤት ይኖራል። ለምን አንፈልገውም?» አለችው የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ።

«ማስረጃ ማቅረብ የአመልካቹ ፋንታ ነው። ደግሞስ መለስኩት እንጂ መች ከለከልኩት?»

ጉዳቱ ካልጸደቀ ነጻ ሕክምና የለም። አሥር አለቃው ለወረቀት ሲል በየሆስፒታሉ እየተሰለፈ፣ ያመረቀዘውን ቁስል ቤቱ በጨው ውሃ ያጥብ ነበር።

አንድ ቀን ሚስቱ ብቻዋን መጣች። ወንበር ቢሰጣትም አልተቀመጠችም።

«ወንድሜ፣ አዲስ ማስረጃ አምጥቻለሁ» አለች።

መርማሪው አነበበው። ቀኝ እግር ከጉልበት በላይ ተቆርጧል ይላል። ማኅተሙ ደማቅ፣ ቀኑም ያለፈው ሳምንት ነው።

«ይኼስ ይበቃል? ወይስ የሚጨመር አለ?»

ልታሽሟጥጠው አልነበረም፤ የእውነቷን ነው የጠየቀችው። መርማሪው ተነሥቶ ምድር ቤት ወረደ። ከሠራተኛዋ ጋር አቧራ ሲያራግፉ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መዝገቡን አገኙት። ፍንጣሪው፣ የቆሰለበት ቀን፣ የግዳጁ ቦታ፣ ሁሉም ተጽፏል።

ውሳኔውን ያኔውኑ ፈረመና በማግስቱ ራሱ ሆስፒታል ይዞለት ሄደ። የሆነውንም ሳይሸሽግ ነገረው።

አሥር አለቃው ወረቀቱን አየ፤ ከዚያ ብርድ ልብሱን፣ እግሩ በነበረበት በኩል፣ በመዳፉ ዳሰሰ።

«እናንተው ጋ ነበር?» አለ።

ከዚያ ወዲህ መርማሪው፣ ምድር ቤት ያለውን ሳይፈትሽ አንድም መዝገብ መልሶ አያውቅም። እናንተም የሰው ጉዳይ በእጃችሁ ያለ፣ ወረቀት ቢመልሱት ይመለሳል፤ የሚመላለሰው ግን ሰው ነው። ወረቀት መደርደሪያ ላይ ቢከርም አይታመምም። ቁስል ቀጠሮ አይጠብቅም።