ሣሩ ወደ ላይ

ሮሰንዶ ያናክ አግሪፒና ድንች በምታብላላበት የቶኮሽ ጉድጓድ አፍ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ራሱና ትከሻው ውሃ ውስጥ ገብቷል፤ ቀሪው አካሉ ጨፌው ላይ ተዘርግቷል። መጀመሪያ ያዩት በግ ሊያሰማሩ የወጡ ሴቶች ናቸው። ጩኸታቸው ከበረዶው ተራራ ሥር ተነስቶ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ተሰማ።

ሮሰንዶ የመንደራችን የኦቆፓምፓ ሊቀመንበር ነበር። አግሪፒና ማልኪ ደግሞ የውሃ ዳኛችን ናት፤ ማን መቼ እንደሚያጠጣ የምትወስን፣ ለማንም አንገቷን የማትደፋ ባልቴት። ባለፈው ሸንጎ ላይ ተነስታ፣ «ይህን ጨፌ በቦይ የሚያደርቅ ሰው፣ ጨፌው ራሱ ይዋጠው!» ብላ ነበር። ከከተማ ለመጣው ኢንጂነር የሙከራ ቦይ የፈቀደለት ደግሞ ሮሰንዶ ነው። እንግዲህ ጨፌው ዋጠው። ለፖሊሱ ለሻምበል ኡሩናጋ ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለገውም።

ጨፌያችን ውሃ አይለቅም። ከላይ እንደ ቅቤ የለሰለሰ ጥቁር አፈር ነው። ከሥሩ ግን ድሮ የበረዶ ግግሩ ከተራራው ፈጭቶ ያወረደው ግራናይት አለ፤ ነጭ አሸዋና ሰማያዊ ጭቃ። ውሃው መውጫ አጥቶ እዚያው ይተኛል። ከከተማ የመጣ ሁሉ ይህን እንደ በሽታ ያየዋል። እኛ ግን በበጋ በጎቻችንን የምናበላው ከዚያ ነው፤ የታችኛው ምንጭ የሚጠጣውም ከዚያ ነው። ጨፌው ከደረቀ እኛም ደረቅን ማለት ነው።

ሻምበሉ በማግስቱ ሲመጣ መኪናውን በቀጥታ ወደ ሣሩ ነዳው።

«ሻምበል፣ እዚያ አያቁሙ» አለችው አግሪፒና፣ ሊያስራት እንደመጣ እያወቀች።

«ሣር እኮ ነው።»

«ሣር ይመስላል።»

ሻምበሉ አልሰማትም። ከመኪናው ወርዶ ደረቱን ነፋ።

«ሰውየው ሰጥሟል። ጉድጓዱ የአንቺ፣ ዛቻው የአንቺ። ሌላ ምን ቀረ?»

«እጄ ቀረ። ይኸው፣ እሰረው። ስሄድ ግን በእግሬ ነው፤ ማንም አይጎትተኝም።»

በቀጣዩ ቀን ሸንጎው ስለ ቦዩ ድምፅ ሊሰጥ ቀጠሮ ይዟል። አግሪፒና ታስራ ከሄደች አፉን ሞልቶ የሚከራከር እንደማይኖር ሁላችንም እናውቃለን። ለዚህ ነው ካቴናው ሲዘጋ መንደሩ በሙሉ ያጉረመረመው።

ከሻምበሉ ጋር አብራ የመጣች መርማሪ ነበረች፤ ኤርሜሊንዳ ኮቻቺን ትባላለች። አጭር ናት፣ የጎረቤት ሸለቆ ሰው፣ አንድ ጉንጯ ሁልጊዜ በኮካ ቅጠል ያበጠ። ስታይ ዝም፣ ስትናገር መርፌ።

«ሻምበል፣ መኪናው እስኪነሳ ድረስ ልዟዟር» አለችው።

«ምን ልትፈልጊ?»

«ላም በዋለበት ኩበት ልለቅም።»

መጀመሪያ የሄደችው ሬሳው ወደተጋደመበት ጸሎት ቤት ነው። የሮሰንዶን ከንፈር ገልጣ ጣቷን በድዱ ላይ አሳለፈችና ያገኘችውን በመዳፏ ላይ አሸችው።

«ይዳስሱት፣ ሻምበል።»

«አሸዋ ነው።»

«ነጭ አሸዋ። የሚያብለጨልጭ ቅርፊትም አለበት።»

«ታዲያ መሬት ውስጥ አሸዋ መገኘቱ ብርቅ ነው?»

ወደ ጉድጓዱ ሄዳ እጅጌዋን ጠቀለለችና ክንዷን እስከ ትከሻዋ ከተተች። ጥቁር ጭቃ ይዛ ወጣች። አሸችው፣ በጥርሷም ነካችው፤ አንድም ቅንጣት አሸዋ አልነበረበትም። ከዚያ ድንጋዮቹን አንስታ ወፍራሙን ገለባ ገለጠች። ከሥሩ አንድም ድንች የለም።

ቶኮሽ እንዲህ ነው የሚሠራው። ድንቹ በገለባ ተሸፍኖ ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጣል፤ ቀጭን ውሃ ሳያቋርጥ ያልፍበታል፤ በወራት ውስጥ ይብላላል። ሽታው እንግዳ ያባርራል፣ ለታመመና ለአራስ ግን ከእሱ የሚበልጥ የለም። ውሃው ከቆመ ድንቹ ጠቁሮ ይበሰብሳል። የውሃው በር ደግሞ ከጨፌው የተቆረጠ አንድ የሣር ጓል ነው፤ ከሌላው ሣር አይለይም። ኤርሜሊንዳ ስታይ ውሃው ወደ ባዶው ጉድጓድ ኩልል እያለ ይገባል። ጓሉ ተነስቶ ከጎን ተቀምጧል፣ ሥሩ ወደ መሬት፣ ሣሩ ወደ ላይ።

አግሪፒና ካቴናዋን ታቅፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ማማ አግሪፒና፣ ቶኮሹን መቼ አወጡት?»

«ሮሰንዶ ሞቶ ከመገኘቱ በፊት በነበረው ምሽት። የእህቴ ልጅ ከተራራው ማዶ ወልዳለች። በበቅሎ ነጂው ላክሁላት።»

«ውሃውንስ?»

«ዘጋሁት እንጂ! ገለባውንና ድንጋዩን ብቻ መለስሁበት። ባዶ ጉድጓድ ወራጅ ውሃ ከመታው ግድግዳው ይናዳል።»

«ቶኮሹ መውጣቱን ማን ያውቃል?»

«እኔና በቅሎ ነጂው። እሱም በዚያው ወርዷል።»

«ይህን ለሻምበሉ ለምን አልነገሩትም?»

«'ገደልሽው ወይ' አለኝ እንጂ 'ድንችሽ የት ገባ' አላለኝም። እኔ ያልተጠየቅሁትን እየለፈለፍኩ ምሕረት የምለምን ሴት አይደለሁም።»

ኤርሜሊንዳ ፈገግታዋን ዋጠችና ወደ ላይኛው ጨፌ ወጣች። ኢንጂነር ባራንቴስ ከባሕር ዳርቻው ከተማ የመጣ፣ ፀሐይ አፍንጫውን የላጠው ወጣት ነው። እኛ ሰላምታ ከነፈግነው ሰነባብቷል። እውነቱን ልናገር፣ ገዳዩ እሱ ሆኖ ቢገኝ ሁላችንም ደስታችን ነበር።

«ቦዩን እስከ የት ቆፈራችሁ?»

«እስከዚያ ትልቅ ድንጋይ። ሸንጎው ድምፅ እስኪሰጥ አቁሙ ተባልን፤ አቆምን።»

ቦዩ ግን ድንጋዩን አልፎ፣ ጠልቆ፣ ነጩ አሸዋ ድረስ ወርዷል። አቆፋፈሩም በሰፊ አካፋ አይደለም፤ እኛ በእግራችን እየረገጥን በምንቆፍርበት ጠባብ መቆፈሪያ ነው። ከታች ያቆረው ውሃ ሰው ቢወድቅበት ራስ ይሸፍናል።

«ይኼንንስ ማን ቆፈረው?»

«እኔ እንጃ! በሌሊት ይሁን በቀን አላውቅም፣ በየጊዜው ረዝሞ አገኘዋለሁ። ብናገርስ ማን ያምነኛል? ሁሉም በዓይኑ ሊበላኝ ነው።»

«ቶኮሽ ይወዳሉ?»

ኢንጂነሩ ፊቱን አጨማደደ። «ሽታውን ሽሽት ነው ድንኳኔን እዚህ የተከልሁት። እንዴት እንደሚሠራ አላውቅም፤ ቢነግሩኝም አልሰማ።»

ኤርሜሊንዳ ከቦዩ ከወጣው ጭቃ አንዱን ጓል አንስታ ለሁለት ሰበረችው። ውጭው እንደ ዛገ ብረት ቀይ ነው፤ ውስጡ ገና ሰማያዊ። ጓሉን ኪሷ ከተተችው።

በመጨረሻ የሮሰንዶ ታናሽ ወንድም ሴኖቢዮ ቤት ገባች። ሴኖቢዮን የማይወድ አልነበረም። በየሸንጎው «ጨፌያችንን አንሰጥም!» ብሎ ከሁላችን በላይ የሚጮኸው እሱ ነው። ጥቁር ለብሶ፣ ዓይኑ ቀልቶ ተቀመጠ።

«ማማ አግሪፒናን አትንኳት» አለ። «ሰው አትገድልም። ግን... ስትቆጣ ማን ያስቆማታል? ቶኮሿን ልታይ ወርዳ ወንድሜን እዚያ አግኝታው ይሆናል።»

«ቶኮሿ ደርሶ ነበር እንዴ?»

«የት ደርሶ! ጉድጓዱ ጢም ብሎ እንደሞላ ነው። ለማንም አታስነካውም።»

ኤርሜሊንዳ ቀና አለች። ከወራጁ ላይ የበግ ጠጉር ገመድ ተንጠልጥሏል፤ አንደኛው ጫፉ ቀልቷል።

«ጥሩ ገመድ ነው።»

«አባታችን ነው የፈተለው።»

«መቼ ሠራህበት?»

«ቆይቷል። ታች፣ ለማገዶ የሚሆን ጥቁር አፈር ሳወጣ።»

«የወንድምህን ሬሳ ሳጥን የምናስርበት ቸግሮናል። አውሰኝ።»

ለወንድሙ ሬሳ ሳጥን ገመድ የሚከለክል ሰው በኦቆፓምፓ ውስጥ የለም። ሰጣት።

ከሰዓት በኋላ ሁላችንንም ጉድጓዱ ዙሪያ ሰበሰበችን። ሻምበሉ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። ኢንጂነሩ ከሰው ርቆ ቆሟል። ሴኖቢዮ ከፊት ነው።

«ሮሰንዶ የሞተው እዚህ አይደለም» ብላ ጀመረች። «አፉ ውስጥ ያገኘሁት ነጭ አሸዋ ነው። በዚህ ጉድጓድ ውስጥ አሸዋ የለም። ነጩ አሸዋ ያለው ከላይ፣ ቦዩ በነካው ጥልቀት ላይ ብቻ ነው። እዚያ ሰጠመ፤ ከዚያ ተጎትቶ እዚህ መጣ።»

«ገዳዩ ኢንጂነሩ ነው!» አለ አንድ ሰው ከኋላ። ሁላችንም አጉተመተምን፣ ድንጋይ ያነሳም ነበር።

«ድንጋዩን ጣሉት!» አለች ኤርሜሊንዳ። «ከሻምበሉ ፊት አልፈራሁም፣ ከእናንተም ፊት አልፈራም። ይህን ጓል እዩት። የዚህ ጉድጓድ የውሃ በር ነው። ማማ አግሪፒና ምሽቱን ዘግታዋለች። ጠዋት ግን ተከፍቶ ተገኘ። ማን ከፈተው? ኢንጂነሩ ከሺህ ሣር መካከል የቱ በር እንደሆነ እንኳ አያውቅም። ቢያውቅስ ለማን ቶኮሽ ብሎ ይከፍታል?»

«ሬሳው የሰጠመ እንዲመስል ውሃ ፈልጎ ነዋ!» አለ ሻምበሉ።

«ሻምበል፣ ይህ ጨፌ ነው፤ የገባበትን ውሃ አይለቅም። በሩ ቢዘጋም ጉድጓዱ ውሃ ሞልቶበት ያድራል። የከፈተው ሰው ለሬሳው አልከፈተም። ውሃው ቆሞ ሲያይ 'ድንቹ ሊበላሽ ነው' ብሎ፣ እጁ ከልጅነቱ እንደለመደው ከፈተ። ጓሉንም ሣሩ እንዳይሞት ሥሩን ወደ መሬት አድርጎ አስቀመጠ። ስለዚህ የመንደሩ ሰው ነው።»

ድንጋይ ያነሳው ድንጋዩን ጣለ።

«እሷስ የመንደሩ ሰው አይደለችም?» አለ ሻምበሉ ወደ አግሪፒና እያመለከተ።

«በቅሎ ነጂው ከወረደ ወዲህ ጉድጓዱ ባዶ መሆኑን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ባዶ ጉድጓድ ላይ ወራጅ ውሃ ለቅቆ የገዛ ግድግዳውን የሚያፈርስ ባለቤት የለም። በሩን የከፈተው ሰው ቶኮሹ ውስጥ አለ ብሎ ያመነ ነው። ሴኖቢዮ፣ ጠዋት ምን አልኸኝ?»

«ምን... ምን አልኩ?»

«'ጢም ብሎ እንደሞላ ነው' አልኸኝ።»

«ታዲያ መንደሩ ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚያስበው!»

«እውነት ብለሃል። ገመዱ ግን የአንተ ብቻ ነው።» ገመዱን አወጣችና ከኪሷ ካወጣችው የቦዩ ጓል ጎን ዘረጋችው። «የታችኛው ጥቁር አፈር ደርቆም ጥቁር ነው። የላይኛው ጭቃ ግን እርጥብ ሳለ ሰማያዊ ነው፤ ነፋስ ሲያገኘው እንደ ብረት ይዝጋል። ገመዱን ስትሰቅለው ንጹሕ መስሎህ ነበር። ሲደርቅ ቀላ። በፈትሉ መካከል ያለውን ነጭ አሸዋ ማንም መጥቶ ይየው። ቦዩንም በስውር ስታረዝመው የነበርከው አንተ ነህ።»

ሴኖቢዮ ገመዱ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ወንድሜ ቦዩ ታችኛውን ምንጭ ሲያደርቀው አይቶ ሊያስደፍነው ወስኖ ነበር» አለ። «ሊያየው ሲወጣ ስቆፍር አገኘኝ። ተያያዝን፣ ወደቀ። ጭቃው ያዘው። እጁን ዘረጋልኝ... እኔ አልዘረጋሁም። አባታችን ደረቁን መሬት ሁሉ ለእሱ ሰጠ፤ ለእኔ ምን ቀረኝ? የጋራ ጨፌ! ጨፌው ሲደርቅ ይከፋፈላል። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ እንኳ የራሴ የምለው መሬት ይኑረኝ አልኩ። ማማ አግሪፒና ካለች ደግሞ ቦዩ አያልፍም...»

«በሩንስ ለምን ከፈትኸው?» አለችው ኤርሜሊንዳ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ጥያቄው ያልገባው ይመስል ቀና ብሎ አያት።

«ቶኮሹ ሊበላሽ ነዋ!»

አግሪፒና ካቴናዋን እያንቃጨለች ተጠጋችው። እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል።

«ለድንቼ የራራው እጅህ፣ ለወንድምህ ሲሆን የት ገባ?»

ብዙዎቻችን አለቀስን፤ ለሮሰንዶም፣ ዐይኑን በጨው አጥቦ በየሸንጎው ስላታለለን ልጅም።

ሻምበሉ ካቴናውን ከአግሪፒና ፈትቶ በሴኖቢዮ እጅ ላይ አሰረው። «በሉ፣ እንሂድ» አለ። ነገር ግን መኪናው እስከ ሆዱ ጨፌው ውስጥ ገብቷል። ሞተሩ በጮኸ ቁጥር ይበልጥ ይሰምጣል። ሻምበሉ ወረደ፣ ዞረው፣ ጎማውን በእርግጫ መታው።

«ሰዎች፣ ጎትታችሁ አውጡልኝ እንጂ!»

ማንም ከቦታው አልተነቃነቀም። ሁላችንም አግሪፒናን አየን። አግሪፒና የእጇን አንጓ እያሸች ወደ ላይኛው ጨፌ ተመለከተች።

«ቦዩ መጀመሪያ ይደፈናል» አለች።

«ነገ ሸንጎ አለ አልተባለም እንዴ? ሕግ አለ!»

«ሸንጎው ይኸው ቆሟል። ቦዩ ይደፈን የምትሉ!»

የመንደሩ እጅ ሁሉ ተነሳ። ሴኖቢዮም ያነሳ ይመስል ካቴናው ሲንቃጨል ሰማን፤ ዘወር ብሎ ያየው ግን የለም። ኢንጂነሩ ምልክት ብሎ የተከላቸውን እንጨቶች ራሱ ነቅሎ ታቅፎ ቆመ። ወደ ቦዩ ወጣንና ከጎን ተከምሮ የነበረውን ጓል እየተቀባበልን መመለስ ጀመርን። ኤርሜሊንዳም ጉንጯን እንዳሳበጠች መሐላችን ገባች።

ሻምበሉ መኪናው አጠገብ ብቻውን ቀረ። ብርዱ ሲበረታና እኛ የማንቸኩል መሆናችንን ሲረዳ፣ እጅጌውን ጠቅልሎ፣ ክብሩን አውልቆ መጣ። ጓል አቀፈ። ጭቃው በሜዳልያው ላይ ተንጠባጠበ። ቦዩ ዳር ቆሞ ግራ ተጋባ።

«በየት በኩል ነው የሚቀመጠው?»

አግሪፒና ከእጁ አልተቀበለችውም። ራሱ ጎንበስ እስኪል ጠበቀችው።

«ሣሩ ወደ ላይ፣ ሻምበል» አለችው። «እንዲኖር።»