ለቁራዎች የራራ ልብ

ጥሪው ሲመጣ ሎርና ቴሪየን ገና አንድ ካልሲ ነበር ያጠለቀችው። ሥራዋ በሚኒሶታ ሐይቆች ዙሪያ የዱር እንስሳትን ሞት መመርመር ነው። ሟቹ ሰው ባይሆንም ውሸት ያው ውሸት ነው፤ ሃያ ዓመት ሲዋሿት ኖረው ታክቷታል።

ኦፓል የተባለችው ትልቅ ጉጉት በዱር እንስሳት ማገገሚያ ጣቢያው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግታለች። በኢንተርኔት ካሜራ በየቀኑ የሚያያት ሰው ስፍር ቁጥር አልነበረውም። ላባዋ አልተነጨም፣ ጥፍሯም ንጹሕ ነው። ከመድኃኒት ቁም ሳጥኑ ግን እንስሳን ያለ ሥቃይ የሚገድለው የመርፌ መድኃኒት ጎድሏል።

ቁልፉ ያለበትን የሚያውቁት ሦስት ናቸው፤ ኃላፊዋ ወይዘሮ ማርሊስ ሃውገን፣ የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ኤሚል ሶርቫሪ፣ የሥራ ፈቃዷን የምትጠባበቀው ተለማማጅ ብሪያ ናዶ።

«ይሄማ ምን ያጠያይቃል?» አሉ ማርሊስ። «ባለፈው ሳምንት ሦስታችንም እንስሳን በምሕረት ስለ መግደል በኢንተርኔት ስንሠለጥን፣ ይቺ ልጅ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ ‹ኦፓል ላትድን ለምን እናሠቃያታለን?› አለች። እኔ ደግሞ በመከር እለቃታለሁ ብዬ ለሕዝቡ ቃል ገብቻለሁ።»

«ትድን ነበር?»

ማርሊስ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ዶክተሩን መጠየቅም ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ፤ «ቤቴ ተኝቼ ነበር» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣቸውም።

የብሪያ ዓይን አብጧል። «ጠይቄያለሁ፣ አልክድም። መጠየቅና መግደል አንድ ነው እንዴ? በዚህ ስም ፈቃዱን ከከለከሉኝ ዕድሜ ልኬን እንስሳ አልነካም እኮ!»

«ጠዋት ሞታ ስታገኚያት ምን አደረግሽ?»

«በራሷ የሞተች መሰለኝ። እዚህ በራሱ የሞተውን ለዱሩ እንመልሳለን፤ በመርፌ የሞተው ነው የሚቃጠለው። ጫካው ጋ ካለው ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳት፣ ቁራዎቹም መጡ። ወዲያው ወይዘሮ ማርሊስ በባዶ እግራቸው ሮጠው ነጠቁኝ። ‹ቁራዎቹን ልትፈጂ ነው!› ብለው ጮኹብኝ።»

«ቁም ሳጥኑ ያኔ ተከፍቶ ነበር?»

«ኧረ! እሱማ የእርስዎ ቢሮ ‹መድኃኒቱን እዩ› ብሎ ሲደውል፣ ከቁርስ በኋላ ነው የተከፈተው።»

ሎርና ጉልበቷን ይዛ ተነሣች። መልስ ማግኘት ደስ የሚላት ድሮ ነበር።

ሦስቱንም ወጥ ቤት ሰበሰበቻቸው።

«በመርፌ የሞተን የበላ ይሞታል፤ ይህን ሁላችሁም ተምራችኋል። ብሪያ ገድላት ቢሆን ለቁራ አታቀርባትም ነበር። ወይዘሮ ማርሊስ ግን መድኃኒቱ መጉደሉን ማንም ሳያውቅ ሥጋው መርዝ እንደሆነ ዐወቁ። ለቁራዎቹ የራራው ልብዎ አጋለጠዎት።»

«እሺ፣ እኔ ነኝ። ብቻዬን...»

«ብቻዎን አይደሉም። ይህችን የምታክል ጉጉት አንዱ እግሯን ሳይዝ ሌላው አይወጋትም። ብቻዎን ቢሆኑ ክንድዎ በተቦጫጨቀ፣ ላባዋም በተነጨ ነበር። አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም፤ ብሪያ ካልሆነች የቀሩት ዶክተሩ ናቸው።»

ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «የወጋኋት እኔ ነኝ። ትሠቃይ ነበር።»

«እሱ ጥፋት አይደለም፤ ፈቃድ አላችሁ። ጥፋቱ በልጅቷ ማሳበባችሁ ነው።»

ማርሊስ ማልቀስ ጀመሩ። «ያን ሁሉ ሰው ‹አትድንም› ማለት አቃተኝ። በእርጅና ሞተች ልል ነበር። ጠዋት ላነሣት ስል ብሪያ ቀደመችኝ። ጥያቄው ሲመጣ... አፌ ስሟን ጠራ።»

«ለምን አልጠራችሁኝም?» አለች ብሪያ። «እግሯን እኔ እይዝላት ነበር።»

«አንቺማ ነገ ለጠየቀሽ ሁሉ እውነቱን ትናገሪ ነበር» አሉ ማርሊስ።

«አዎ፣ እናገር ነበር።»

ኮቷን አንሥታ ወጣች። ሎርና በሩ ድረስ ተከትላ «ፈቃድሽን ዛሬውኑ አስፈርምልሻለሁ!» ብላ ተጣራች። ልጅቷ ሰምታለች፤ ዞር ብላ ግን አላየችም።