የአባባ የጥናት ሰዓት

ስልኩ ሲጮኽ ዓይናለም ከሳሎን ሮጣ ወጣችና በረንዳው ላይ አነሣችው። አባቷ እንዳይሰማት ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«አባታችን አሉ እንዴ፣ ልጄ?» አሉ እትዬ አበቡ። «ሆስፒታል ሆኜ ነው። ባለቤቴን በላቸውን ነገ ጠዋት ኦፕራሲዮን ሊያደርጉት ነው። የንስሐ አባቴን ሳላይ አልገባም ብሎ አስቸግሮናል።»

ከሳሎን የአባቷ ድምፅ ይሰማል። «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን፤ ሲ፣ ሶው፣ ሲን...» ቄስ ገብረ ኢየሱስ ከልጅነቱ ጀምሮ ያለ ዜማ ያጠናው ነገር ስለሌለ ለእንግሊዝኛው ግስም ዜማ አበጅቶለታል።

«የለም፣ እትዬ» አለች ዓይናለም። «አምባ ጊዮርጊስ ሄዷል። ነገ ነው የሚመለሰው።»

«እንግዲህ ምን ይደረጋል። በይ ደኅና ዋይ።»

አባቷ መንፈሳዊ ኮሌጅ ከገባ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ቅዳሴውን በቃሉ የሚያንበለብለው ሰው እንግሊዝኛ ላይ ሲደርስ ምላሱ ይታሰራል። ባለፈው ደግሞ ለቅሶ ቤት ፍትሐት ሲያደርስ ሰዓቱ አለፈና ሳይፈተን ቀረ። ነገ ጠዋት ድጋሚ ይፈተናል። ይህን ከወደቀ ዓመቱን እንደገና ሊማር ነው። ዓይናለም ይሄን ስታውቅ ቁጭ ብላ የጥናት ፕሮግራም አወጣችለት።

«አንተኮ ጊዜህን ለሰው ሁሉ ታድላለህ» ብላው ነበር። «ለራስህ ጊዜ የምታገኘው እንቅልፍህን ሰርቀህ ነው።»

እሱም ስቆ ተስማማ፤ በጥናት ሰዓት ስልኩ እሷ ዘንድ እንዲሆንም ፈቀደ።

ወደ ሳሎን ስትመለስ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አደረገና «ማን ነው የደወለው?» አላት።

«ተሳስተው ነው።»

«እግዜር ይስጥሽ፣ የኔ ልጅ። አንቺ ባትጠብቂኝ ይሄን ሁሉ ቃል መቼ እይዘው ነበር?»

ክፍሏ ገብታ የፊዚክስ ደብተሯን ገለጠች። አንዱን ጥያቄ ደጋግማ አነበበችው፤ ምን እንደሚል ግን አልገባትም። ፊቷ ላይ ድቅን የሚልባት አያ በላቸው ነው። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ባገኛት ቁጥር «ምነው ቀጠንሽ? እናትሽ አታበላሽም?» እያለ ከኪሱ የሽምብራ ቆሎ የሚዘግንላት ሰው። ዘንድሮ እሷ አሥራ አምስት ዓመት ሞልቷት እንኳ ቆሎውን አላቋረጠም።

ተነሥታ ወደ ሳሎን ሄደች።

«አባባ፣ ዋሽቼሃለሁ» አለችው፤ ሁሉንም ነገረችው።

አባቷ መጽሐፉን ዘጋ። ይቆጣል ብላ የፈራችው ፊቱ ግን የደከመ ብቻ ነበር። ጥምጥሙን ከወንበሩ ላይ አነሣ።

«ለእኔ ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ» አለ። «ፈተናውን እኔም እፈራዋለሁ። ግን አበቡ አሁን ለዚያ ሰው ምን ብላ ይሆን የነገረችው? ደውይላት። አንቺው ንገሪያት።»

ስልኩ ሲጠራ ጆሮዋ ጋለ።

«እትዬ አበቡ፣ አባባ የትም አልሄደም። የነገው ፈተና እንዳያመልጠው ብዬ ዋሽቼ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ። አሁን እየመጣን ነው።»

«ሸጋ» አሉ እትዬ አበቡ። «ቶሎ ኑ እንግዲያ።»

ባጃጅ ውስጥ ዓይናለም መጽሐፉን ጭኗ ላይ ዘረጋችና ትጠይቀው ጀመር። አባቷ መስቀሉን ደረቱ ላይ ይዞ በዜማው ሲመልስ ሹፌሩ በመስታወቱ አየት አደረጋቸው፤ ከዚያ የከፈተውን ዘፈን ቀነሰው።

«የ‹ብሪንግ› ኃላፊ ጊዜ?»

«ቆይ፣ አትንገሪኝ። አውቀዋለሁ።»

ሳይመጣለት ሆስፒታሉ በር ደረሱ። እትዬ አበቡ መስቀሉን ተሳልመው ዓይናለምን አገጯን ይዘው ሳሟት። አባቷ ወደ ሕመምተኛው ክፍል ሲገባ እሷ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አገኘች። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር የአያ በላቸው ድምፅ ተሰማት። «አምባ ጊዮርጊስ ነው ሲሉኝ ተስፋ ቆርጬ ነበርኮ፣ አባቴ።» ከዚያ አባቷ ቀስ ብሎ ጸሎቱን ጀመረ።

ሲወጣ መጀመሪያ ያላት «ብሮት» ነው።

ዓይናለም ሳቋ መጣ። «ልክ ነህ።»

አባቷ ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ፤ ከዚያ ወደ እሷ፣ ከዚያ ጭኗ ላይ ወዳለው መጽሐፍ። ገና ግማሹን ግስ አላጠናም።

«እንቅልፍ እስኪወስደው እጁን እንድይዝለት ይፈልጋል» አለ። «ብዙም አይቆይ ይሆናል። ምን ትያለሽ?»

የሚጠይቃት ከልቡ ነበር። እንሂድ ብትለው ይሄድ ነበር።

«ግባለት» አለችው። «እኔ እዚህ ነኝ።»